አፕጋር የሰው ስም ነው

የኛ ባች ኢንተርን ሆኖ ማዋለጃ ክፍል ሲገባ፣ አፕጋር ማለት ለኛ የአምስት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደል ነበር። የቆዳ ቀለም፣ የልብ ምት፣ ሲነካካ የሚያሳየው ምላሽ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ አተነፋፈስ፤ ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ድምሩ ከ10። ከፈተና የማይቀር ስለነበር ሁላችሁም ዛሬም በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። እኔ ግን አፕጋር የአንዲት ሐኪም የቤተሰብ ስም መሆኑን ያወቅኩት ተመርቄ፣ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ከሆንኩ በኋላ ነው። ፊደሎቹን ከስሙ ጋር ያገጣጠመው ሌላ ሐኪም ነው፤ ያውም መለኪያው ከታተመ ከዓመታት በኋላ፣ ተማሪዎች እንዳይረሱት ብሎ። እኛ አምስቱን ያዝንና ባለቤቱን ረሳን። ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ነገር ጻፊ ስባል፣ እንግዲያው ስለ እሳቸው ይሁን አልኩ።

ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ዌስትፊልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ቢሆኑም ትርፍ ጊዜያቸውን ከዋክብት ሲያዩና ነገር ሲፈለስፉ የሚያሳልፉ ሰው ነበሩ። አንድ ወንድማቸው በጨቅላነቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል፤ ሌላውም ሕመም የማይለየው ነበር። ማውንት ሆልዮክ በተባለ የሴቶች ኮሌጅ ሥነ እንስሳት ሲማሩ ገንዘብ ስላጠራቸው ያልሠሩት ሥራ አልነበረም፤ ለላቦራቶሪ ድመት ማጥመድ ሳይቀር። በ1929 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ ወዲያው የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። በ1933 ከክፍላቸው አራተኛ ሆነው፣ ከነዕዳቸው ተመረቁ።

ልባቸው ያለው ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ጀምረውም ጥሩ እየሠሩ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አለን ዊፕል፣ አዎ፣ የቆሽት ቀዶ ሕክምናው ዊፕል፣ ጠርተው መከሯቸው። ከዚህ በፊት ያሠለጠኗቸው ሴቶች በሙያው ራሳቸውን መቻል እንዳቃታቸው ነገሯቸው። በዚያ ላይ ዘመኑ የኢኮኖሚ ውድቀት ነው፤ ወንዶቹም ሥራ አጥተዋል። ይልቅ ወደ ማደንዘዣ ሕክምና ቢሄዱ፣ ማደንዘዣ ካልተሻሻለ ቀዶ ሕክምናም አያድግምና ትልቅ ሥራ ይጠብቃቸዋል የሚል ነበር ምክሩ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ይከፋኛል። ዊፕል ችሎታቸውን አይተዋል፤ ያ አይካድም። ግን በሩንም ዘግተዋል። እኔም ሰርጀሪ እፈልጋለሁ ባልኩ ጊዜ አንድ የማከብራቸው ሐኪም በቅን ልብ ልጄ፣ ትወልጃለሽ፣ አይሆንሽም ብለውኛል። በሕፃናት ሕክምና ደስተኛ ነኝ፤ ብትጠይቁኝ አልቀይረውም። ቢሆንም ደስታዬ ያን ቀን የተነገረኝን ትክክል አያደርገውም።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ማደንዘዣ በአብዛኛው የነርሶች ሥራ ነበር፤ ራሱን የቻለ የሐኪም ሙያ ገና እየሆነ ነው። አፕጋር መጀመሪያ ከሆስፒታላቸው የማደንዘዣ ነርሶች ጋር ተማሩ። ቀጥለው ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ሄደው በራልፍ ዋተርስ ሥር ስድስት ወር ሠለጠኑ። እዚያ ለሴት ሐኪም የተዘጋጀ ማደሪያ ስላልነበረ ሻንጣቸውን ይዘው ከቦታ ቦታ ዞሩ። የተረኛ ክፍል አጥታ ሶፋ ላይ ያደረች ሁሉ ይገባታል። በ1938 የማደንዘዣ ክፍሉ ኃላፊ ሆነው ኮሎምቢያ ተመለሱ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ሥራው ሰፊ፣ ሰው ግን የለም፤ ቀዶ ሐኪሞቹም ማደንዘዣ የሚሰጠውን ሐኪም እንደ እኩያ ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው።

ከ11 ዓመት ልፋት በኋላ፣ በ1949 ክፍሉ ዲፓርትመንት ሆኖ ሲደራጅ ወንበሩ የተሰጠው ለሌላ ሰው፣ ለአንድ ወንድ ሐኪም ነው። ለእሳቸው የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ደረሳቸው፤ በዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሴት የመጀመሪያው ነው። ማዕረጉን ተቀብለው፣ አስተዳደሩን ትተው፣ ማዋለጃ ክፍል ገቡ።

እዚያ ያዩት ምን ነበር? ሁሉም ሰው እናቲቱ ላይ ነው። ሕፃኑ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ አተነፋፈሱን በሥርዓት የሚያይለት የለም። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በ1952 ገደማ ቁርስ ላይ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዴት ይገመገማል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ያገኙት ወረቀት ላይ አምስቱን ነጥቦች ጫሩና ሊሞክሩት ወደ ማዋለጃው ሮጡ ይባላል። በ1953 ታተመ። መሣሪያ አይፈልግ፣ ገንዘብ አይፈልግ፤ ዓይን፣ እጅና ሰዓት ይበቃዋል። መብራት በሚሄድበት ጤና ጣቢያ ድረስ የገባው ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ውጤቱን ከሕፃናቱ የደም ምርመራ ጋር ሲያስተያዩ፣ እናቶቻቸው ሳይክሎፕሮፔን በተባለው ማደንዘዣ ጋዝ የተኙ ሕፃናት ተዳክመው እንደሚወለዱ ታየ። ጋዙ የራሳቸው የአፕጋር ምርጫ ነበር። ለምጥ መጠቀሙን ተዉት። የገዛ ልማዱን በገዛ መለኪያው የሚጥል ስንት ሰው እናውቃለን?

የቀረውን ላሳጥረው። በ1959፣ ሃምሳ ሊሞላቸው ሲል፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የሕዝብ ጤና ማስተርስ ያዙ፤ ከዚያ ማርች ኦፍ ዳይምስ ገብተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አብረዋቸው ስለሚወለዱ የጤና እክሎች አስተማሩ። አላገቡም። ቦርሳቸው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦና ሰንጢ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው ቢታፈን ብለው። የክር ሙዚቃ መሣሪያ ይጫወቱ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ይሠሩ ነበር። አንዴ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለ የስልክ ክፍል መደርደሪያ እንጨቱ ስላማራቸው ከጓደኛቸው ጋር በሌሊት ነቅለው፣ በምትኩ ሌላ ሠክተው ወሰዱት፤ ቪዮላ ሆነ። ፕሮፌሰሯ እኮ ናቸው! በ1974 በ65 ዓመታቸው፣ በሠለጠኑበት በዚያው ሆስፒታል አረፉ።

ለኛ ለሐኪሞች አንድ የሳቸው ማሳሰቢያ አለ፤ በትምህርታችን ጊዜ ሲነሳ የሰማሁት አይመስለኝም። ያዋለደው ሰው ውጤቱን አይስጥ፤ የራሱን ሥራ ስለሚወድ ከፍ አድርጎ ይሰጣል፤ ሌላ ሰው ይስጥ ይሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቦታ አንድ ቀን ያልሞላው ሕፃን እያንቀጠቀጠው ሪፈር ተጽፎለት መጣ። ወረቀቱ ላይ 8 እና 9 ይላል። እናቲቱን ስጠይቃት ልጇ ሲወለድ ሰማያዊ እንደነበረ፣ ድምፁንም ለረጅም ጊዜ እንዳልሰማች ነገረችኝ። ወደላኩት ስልክ ደወልኩ። ውጤቱን የሞላችው ያዋለደችው ልጅ ናት፤ ብቻዋን ተረኛ ስለነበረች የስድስት ሕፃናት ካርድ ጠዋት ላይ ባንዴ ነው የጻፈችው። ልቆጣት አስቤ ነበር፤ አልተቆጣሁም፤ ኢንተርን ሳለሁ እኔም ስንት 8 እና 9 ጽፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሬዚደንቶቼ ራውንድ ላይ ቁጥሩን ሲያነቡልኝ፣ ማን ነው የሰጠው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።