ዐፄ ካሌብ፦ ከዙፋን ወደ በአት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን የጻድቁን ንጉሥ የዐፄ ካሌብን በዓለ ዕረፍት ታስባለች። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ለሚገኙ ምእመናን ይህ ዕለት የሚውለው የቡናው ለቀማ አብቅቶ፣ ጀንፈሉ ተሽጦ፣ ገንዘቡም ከተቆጠረ በኋላ ነው። ቤተሰብ ያገኘውን ሀብት በምን ላይ እንደሚያውለው በሚመክርበት በዚህ ወቅት የዚህ ንጉሥ ሕይወት ቢነሣ ተገቢ ይሆናል።

ዐፄ ካሌብ የንጉሥ ታዜና ልጅ ሲሆኑ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እለ አጽብሐ በሚል ስመ መንግሥት በአክሱም ነግሠዋል። በስማቸው የተመታው የወርቅ ገንዘብ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በእርሱም ላይ ዘውድ የደፋው ምስላቸው በሁለት የእህል ዘለላዎች መካከል ተቀርጾ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ523 ከቀይ ባሕር ማዶ በናግራን ከተማ ይኖሩ በነበሩ ክርስቲያኖች ላይ ጽኑ መከራ ወረደ። በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ፣ በዐረቦች ዘንድ ደግሞ ዙ ኑዋስ የሚባለው የሒምያር ንጉሥ ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ አዘዛቸው፤ እምቢ ያሉትንም በሰይፍና በእሳት ፈጃቸው። መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ነው። ዜናው አክሱም በደረሰ ጊዜ ዐፄ ካሌብ ለመዝመት ቆረጡ፤ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢኖስም ይህንኑ ይሻ ነበር። በአዱሊስ ወደብ መርከቦች ተሰናድተው፣ እ.ኤ.አ. በ525 ሠራዊቱ ባሕሩን ተሻግሮ ድል አደረገ። (ከብዙ ዘመናት በኋላ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የወጣው ቡናችንም ወደ የመን የደረሰው ይህንኑ ባሕር አቋርጦ ነው።)

ንጉሡ ከመዝመታቸው በፊት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ወደ ሆኑት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄደው ጸሎትና ቡራኬ መቀበላቸውን ገድሉ ይተርካል። አባ ጰንጠሌዎን በጠባብ በአት ለ45 ዓመታት ቆመው የጸለዩ አባት ናቸው። ከሁለቱ የትኛው ባለጸጋ እንደ ነበረ ንጉሡ ያን ጊዜ ሳያስተውሉት አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ፤ የኋላ ሥራቸው ይህን ያስገምታልና።

ዐፄ ካሌብ ከድል ሲመለሱ የምርኮውን ብዛት አልቆጠሩም፤ ለአምላካቸው የሚመልሱት ውለታ ግን አሳሰባቸው። መንግሥታቸውን ትተው፣ የመነኮሳትን ልብስ ለብሰው፣ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገቡ። ዘውዳቸውን በጌታችን ቅዱስ መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላኩት። ከቤተ መንግሥት ይዘው የወጡት አንዲት ምንጣፍና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ እንደ ነበረ ትውፊት ያስረዳል። ምግባቸው ደረቅ እንጀራ በጨው፣ መጠጣቸውም ውኃ ሆነ። ከበአታቸውም ዳግመኛ ላለመውጣት ቃል ገቡ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ። ሕዝብ በአደራ የተሰጠው ሰው ሥራውን ጥሎ ሊሄድ ይገባዋልን? ጥያቄው የነገሥታት ብቻ አይደለም። ልጆች የሚያሳድግ፣ ዕዳ ያለበት፣ በማኅበርና በዕድር የታሰረ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደ ጻፈው፣ አብርሃ የተባለው ሰው በየመን ዐምፆ ዐፄ ካሌብ የሾሙትን ገዥ ሻረ፤ እርሱን እንዲመልሱ በተከታታይ የተላኩት ሁለት ጦሮችም አልተሳካላቸውም። ጸሐፊው የንጉሡን ምንኵስና አያነሣም። ከዚህ የምንረዳው ግን ዘውዱ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው ሥራው ሁሉ ከሰመረለት ንጉሥ እንዳልነበረ ነው። ሁሉም ነገር እስኪስተካከል ቢጠብቁ ኖሮ በዙፋናቸው ላይ እንዳሉ ሞት በቀደማቸው ነበር። ዳሩ ግን ዙፋኑን ባዶ አልተዉትም፤ በትውፊታችን መሠረት ልጃቸው ዐፄ ገብረ መስቀል ወርሰውታል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የተሰማውም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው።

ከአክሱም ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በአባትና በልጅ ስም የሚጠሩ ከትልልቅ ጥርብ ድንጋይ የታነጹ ሁለት መካናተ መቃብር አሉ። ጎብኚ ሁሉ መብራት ይዞ ይወርድባቸዋል። የአገሩ አባቶች ግን የዐፄ ካሌብ ዐፅም ያረፈው በዚያ ሳይሆን በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ ሆነ ይናገራሉ።