ሮበርት ኮክና የቧንቧ ውሃ

የሮበርት ኮክ ስም በተነሣ ቁጥር ወደ ብዙ ሰው ሐሳብ ፈጥኖ የሚመጣው የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋስ ያገኘው ሐኪም ነው። ዝናውም የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ተመድቦ ጧት ጧት ናሙና በጠርሙስ የሚቀዳ ሠራተኛ፣ ይህን ሥራ መጀመሪያ ማን እንዳዘዘ ቢመረምር የሚደርሰው ከዚሁ ሰው ዘንድ ነው። ኮክ ግድብ አልሠራም፣ ቧንቧም አልዘረጋም። ነገር ግን ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ በመልኩና በጣዕሙ ሳይሆን በቁጥር የሚታወቅ ነገር እንዲሆን ያደረገው እርሱ ነው። ይህም የሕይወቱ ክፍል በሌሎች ሥራዎቹ ጥላ ሥር ቆይቷል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮክ ዲሴምበር 11 ቀን 1843 በጀርመን አገር፣ በሃርዝ ተራሮች መካከል በምትገኘው በክላውስታል የማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ በማዕድን ሥራ የታወቀ ባለሙያ ሲሆን፣ ከዐሥራ ሦስቱ ልጆች ሮበርት ሦስተኛው ነበር። በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲያጠና ያዕቆብ ሄንለ ከሚባለው መምህር እግር ሥር ተቀመጠ። ሄንለ ተላላፊ በሽታዎች የሚመጡት ከሕያዋን ረቂቅ ፍጥረታት ነው ብሎ ገና በ1840 የጻፈ፣ በዘመኑ ግን ብዙ ሰሚ ያላገኘ ሊቅ ነበር። ኮክ በ1866 ተመርቆ ለጥቂት ጊዜ በሃምቡርግ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ከተማይቱ በኮሌራ ተይዛ ነበርና ሕሙማኑን በዐይኑ አየ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ወደዚያችው ከተማ፣ ስለዚያው በሽታ፣ ተመልሶ እንደሚጠራ በዚያን ጊዜ ማንም አልገመተም።

ከአነስተኛ ከተማ ወደ አነስተኛ ከተማ እየተዘዋወረ ሠርቶ፣ በ1870ው ጦርነትም የጦር ሐኪም ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ በ1872 የቮልሽታይን አውራጃ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ዛሬ በፖላንድ ውስጥ የምትገኘው ይህች ከተማ የጥቂት ሺህ ሰዎች መኖሪያ ነበረች። የአውራጃ ሐኪም ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ክትባት መከተብ፣ የሞተውን መመርመር፣ በየመንደሩ መዞር፣ ለበላይ ጽሕፈት ቤት መጻፍ ነው። ኮክ የታካሚዎች መቀበያ ክፍሉን በመጋረጃ ከፍሎ ግማሹን ለምርምር አዋለው። ዩኒቨርሲቲም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ የሙያ ባልደረባም በአቅራቢያው አልነበረውም። በዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው እንግዲህ የአባ ሰንጋን ተሐዋስ የሕይወት ዑደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሎ፣ በ1876 ብሬስላው ሄዶ በሊቃውንት ፊት ያስረዳው። ለታላቅ ሥራ ታላቅ ሕንጻ ይቅደም ለሚሉ ሰዎች የቮልሽታይን ታሪክ የሚመች አይደለም።

በ1880 ወደ በርሊን፣ ወደ ንጉሠ ነገሥታዊው የጤና መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ለውሃ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ግኝቱ የተወለደው በዚህ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ተሐዋስያን የሚራቡት በሾርባ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ስለነበር ልዩ ልዩ ዓይነቶች እርስ በርሳቸው ይደባለቁ ነበር። ኮክ በፈሳሹ ፈንታ የድንች ቁራጭን፣ በኋላም በጄላቲን የረጋ ምግብን ተጠቀመ። በረጋ ነገር ላይ ያረፈ አንድ ተሐዋስ ከቦታው መንቀሳቀስ ስለማይችል እዚያው ይራባል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በዐይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኩቢክ ሳንቲ ሜትር ውሃ ከጄላቲን ጋር ቀላቅሎ በመስተዋት ላይ ያረጋ ሰው፣ ነጠብጣቦቹን በመቁጠር ብቻ በዚያ ውሃ ውስጥ ስንት ባክቴሪያ እንደነበረ ሊናገር ይችላል። ነገሩ እጅግ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ከዚያ በፊት ለምን እንዳልታሰበ ያስገርማል።

በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋስ ይፋ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሌራ በግብፅ በመግባቱ ወደ እስክንድርያ ተላከ። በዚያ ወረርሽኙ ሲበርድበት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካልካታ አለፈ። በሕንድ አገር ነዋሪው የሚታጠብበት፣ ልብስ የሚያጥብበትና የሚጠጣበት አንድ ኩሬ መሆኑን ተመለከተ፤ ከሕሙማኑ አንጀት የለየውን ጎባጣ ተሐዋስም ከእንዲህ ያለ ኩሬ ውሃ ውስጥ አገኘው። በእርግጥ ይህን ተሐዋስ ፊሊፖ ፓቺኒ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1854 አይቶት ነበር፤ ነገር ግን ከሌላው ለይቶ ያራባው ኮክ ነው።

ሆኖም ኮሌራ በውሃ ይተላለፋል የሚለው አሳብ በራሱ አገር ሙሉ ተቀባይነት አላገኘም። የሙኒኩ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ከከተማ ጽዳት ሊቃውንት ሁሉ የተከበረ ሲሆን፣ የበሽታውን ምክንያት ከአፈርና ከአየር ጠባይ ጋር ያያይዘው ነበር። ክርክሩ በወረቀት ላይ ሲንከባለል ቆይቶ በ1892 በጋ ሃምቡርግ ላይ ወደቀ።

ሃምቡርግ ከ600,000 በላይ ሕዝብ የነበራት ሀብታም የወደብ ከተማ ናት። በ1842 ከደረሰባት ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ዊሊያም ሊንድሊ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዘመናዊ የውሃና የፍሳሽ መሥመር ሠርቶላታል። ውሃው ከኤልበ ወንዝ፣ ከከተማው በላይ እየተሳበ በማዝቀጫ ገንዳ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሳይጣራ በየቤቱ ይገባ ነበር። የወደቡ ፍሳሽ በባሕሩ ሙላት ወደ ላይ ተገፍቶ ወደ ውሃ መሳቢያው እንደሚደርስ እየታወቀ፣ ስለ ማጣሪያው ወጪ ለዓመታት ተከራክረው፣ ግንባታው በተጀመረ ጊዜ ኮሌራ ቀደመው። ኮክ በኦገስት መጨረሻ ከበርሊን ተልኮ ደረሰ። ወረርሽኙ ሲያበቃ 17,000 ያህል ሰው ታሞ 8,600 ያህሉ ሞቶ ነበር።

በሃምቡርግ ጎን አልቶና የምትባል ከተማ አለች። በዚያን ዘመን ራሷን የቻለች ስትሆን፣ 140,000 ያህል ነዋሪ ነበራት። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አንዳንድ ቦታ የአንድ ጎዳና ስፋት ብቻ ነው፤ አፈሩም አየሩም አንድ ነው። አልቶና ውሃዋን የምትስበው ከዚያው ከኤልበ ሲሆን፣ ያውም ከሃምቡርግ በታች፣ የሁለቱም ከተሞች ፍሳሽ ከገባበት በኋላ ነው። በዚህ ሂሳብ ቢሆን አልቶና ከሃምቡርግ የባሰ ማለቅ ነበረባት። የሞተባት ግን ከ300 ጥቂት ያለፈ ሰው ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሽታውን ከሃምቡርግ ያመጡት ነበሩ። በሃምቡርግ ክልል ውስጥ ሆኖ በአጋጣሚ ከአልቶና መሥመር ውሃ ያገኝ የነበረ የሠራተኞች መኖሪያ ግቢ እንኳ ሳይነካ አለፈ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አልቶና ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር።

ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ኮክ አሸዋ ያድናል ብሎ አላቆመም፤ አሸዋው የሚያድነው መቼ ነው፣ የማያድነውስ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። በዝግታ የሚያጣራ ገንዳ ዋና ኃይሉ አሸዋው አይደለም። ውሃው ሲያልፍ በአሸዋው ገጽ ላይ የሚሠራው ቀጭን የጭቃና የሕያዋን ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ የውሃው ፍሰት ስለሚቀንስ ገንዳው ደርቆ መጠረግ አለበት፤ በተጠረገ ማግስት ደግሞ ሽፋኑ ስለሌለ ማጣሪያው ስሙን እንጂ ሥራውን አይዝም። እንግዲህ በጣቢያው ውስጥ በአንድ ሰዓት ጥሩ የሚሠራና የማይሠራ ገንዳ ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል፤ ከሁሉም የወጣው ውሃ በአንድ ቧንቧ ከተቀላቀለ በኋላ ግን ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም።

በ1893 ያወጣቸው መመሪያዎች ከዚህ የመነጩ ናቸው። ውሃው በአሸዋው ውስጥ በሰዓት ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ አይውረድ። የአሸዋው ውፍረት በመጠረግ ብዛት ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች አይነስ። ከእያንዳንዱ ገንዳ የሚወጣው ውሃ ለብቻው፣ በየቀኑ ይመርመር፤ በአንድ ኩቢክ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከ100 በላይ ባክቴሪያ የተገኘበት ገንዳ ውሃው ወደ ከተማ እንዳይሄድ ይደረግ። በዚህ ቁጥር ላይ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። 100 ባክቴሪያ ያለው ውሃ ጤና፣ 101 ያለው በሽታ ነው ማለት አይደለም። የሚቆጠሩት አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው የወንዝ ተሐዋስያን ናቸው። ኮክ የኮሌራን ተሐዋስ በየቀኑ ማሳደድ ከንቱ ድካም መሆኑን ስላወቀ፣ በደንብ የሚሠራ ገንዳ ሊያስገኝ የሚችለውን ቁጥር ወስዶ የገንዳው መመዘኛ አደረገው። በሽታው ከመድረሱ በፊት የሚናገር ምልክት ነበር የፈለገው። ዛሬ የሰገራ ብክለትን የሚያመለክተው የኢ. ኮላይ ምርመራ የቆመው በዚሁ አሳብ ላይ ነው።

መመሪያዎቹን ያጠነከሩለት የዚያው ክረምት ሁለት ክስተቶች ናቸው። አልቶና በበጋ ከዳነች በኋላ በ1892 መጨረሻና በ1893 መጀመሪያ ኮሌራ ጥቂት በጥቂት ታየባት። ቁጥሮቹ ሲታዩ ከተጣራው ውሃ የተገኘው ባክቴሪያ ከሺህ በላይ ደርሶ ነበር። በብርቱ ውርጭ ወቅት ገንዳ ለመጥረግ ተከፍቶ፣ የተጋለጠው አሸዋ በረዶ ሆኖ፣ በዚያው ላይ ውሃ ተለቆበታል። ያው የተመሰገነው ማጣሪያ ነው እንግዲህ በአያያዝ ጉድለት በሽታ ያሳለፈው።

ሁለተኛው በሃለ ከተማ አጠገብ በኒትሌበን የአእምሮ ሕሙማን ተቋም በጃንዋሪ 1893 ደረሰ። ተቋሙ ሺህ ያህል ነዋሪ ያለው፣ እንደ አንዲት ትንሽ ከተማ የራሱ ውሃ፣ የራሱ ማጣሪያና የራሱ ፍሳሽ ማስወገጃ መስክ የነበረው ነው። መስኩ በቅዝቃዜ ምክንያት ፍሳሹን መምጠጥ ሲያቅተው፣ ቆሻሻው ውሃ ወደሚሳብበት ወደ ዛለ ወንዝ ወረደ። ኮክ ማጣሪያውን ሲመረምር ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው እምብዛም የማይሻል ሆኖ አገኘው። ከመቶ በላይ ሰው ታመመ፤ በሽታው ጤናቸውን ለሌላ ሰው በአደራ ከሰጡት መካከል ብዙዎችን ገደለ። የሃምቡርግ ጥፋት ማጣሪያ አለመኖሩ ነበር። የኒትሌበን ጥፋት ማጣሪያ አለ ተብሎ መታመኑ ነው፤ ይህም በትንንሽ ጣቢያዎች ዘንድ ከመጀመሪያው ይልቅ የተለመደ ነው።

ፔተንኮፈር በበኩሉ በኦክቶበር 1892 የኮሌራ ተሐዋስ የያዘ ፈሳሽ ጠጥቶ፣ በቀላል ተቅማጥ ብቻ በመዳኑ ረታሁ ብሎ ነበር። የከተማ አስተዳደሮች ግን ማጣሪያ ወደ መሥራት አዘነበሉ። ሃምቡርግ የራሷን በግንቦት 1893 ሥራ አስጀመረች።

ኮክ ከስሕተት የጸዳ ሰው አልነበረም። በ1890 የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ያወጣው ቱበርኩሊን፣ ምን እንደሆነ በምሥጢር ተይዞ፣ ብዙ ሕሙማንን አሳዝኖ ቀረ፤ በኋላ የጠቀመው በሽታውን ለመለየት ነው። በ1906 እና 1907 በምሥራቅ አፍሪካ የእንቅልፍ በሽታን አቶክሲል በተባለ የአርሴኒክ መድኃኒት ሲያክም፣ ከታከሙት መካከል የዐይን ብርሃናቸውን ያጡ ነበሩ። በውሃ ጉዳይ ቁጥር ሳያይ የማያምነው ሰው በመድኃኒት ጉዳይ መቸኮሉ የሚያሳዝን ነው። በ1896 መጨረሻ ደግሞ ስለ ከብት ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ ሄደ፤ ይህ በሽታ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የኢትዮጵያን የእርሻ በሬ ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣው ነው።

ወደ ውሃ የመለሰው የጌልዘንኪርሸን ጉዳይ ነው። በ1901 በዚህች የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማና በአካባቢዋ የአንጀት ተስቦ ተነሥቶ ከ3,000 በላይ ሰው ሲታመም ከ300 በላይ ሞተ። የውሃው ኩባንያ ከሩር ወንዝ ዳር ባሉ ጉድጓዶች በአሸዋና በጠጠር የተጣራ ውሃ ያቀርባል ተብሎ ይታመን ነበር። ነገር ግን በድርቅና የውሃ ፍላጎት ሲበረታ ጉድጓዶቹ የጎደላቸውን ለመሙላት፣ ያልተጣራ የወንዝ ውሃ በቀጥታ የሚያስገባ ቧንቧ መኖሩ ተደረሰበት። ኮክ መርምሮ ጣቱን በዚህ ቧንቧ ላይ አኖረ። በ1904 የኩባንያው ኃላፊዎች ኤሰን ላይ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ የፔተንኮፈር ተከታዮች ለመከላከያው ቆመው የድሮውን ክርክር እንደገና አነሡት። ፍርድ ቤቱም ለሕመሙና ለሞቱ ምክንያቱ ውሃው ነው ለማለት ሳይደፍር፣ ኃላፊዎቹን ምግብ ነክ ነገር ባዕድ ቀላቅሎ በመሸጥ ጥፋት ብቻ በገንዘብ ቀጣ። ቅጣቱ ከሞተው ሰው ብዛት ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም። ይልቁን ዋጋ ያለው ፍሬ ገና ፍርዱ ሳይሰጥ በ1902 በዚያችው ከተማ የአካባቢውን ውሃ የሚመረምር የጤና አጠባበቅ ተቋም መቋቋሙ ነው። መርማሪው ውሃውን ከሚሸጠው የተለየ ሆነ።

ኮክ በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎ፣ ሜይ 27 ቀን 1910 በባደን ባደን ዐረፈ። ዐመዱ በርሊን በስሙ በሚጠራው ተቋም ውስጥ ተቀምጧል። የጌልዘንኪርሸኑ ተቋም እስከ ዛሬ የውሃ ናሙና ይመረምራል። በጀርመን የመጠጥ ውሃ ደንብ ውስጥም፣ ለቤት ቧንቧ በተወሰነው የባክቴሪያ ልክ ላይ፣ 100 የሚለው ቁጥር እስካሁን ተጽፎ ይገኛል።