ንግሥት እሌኒ

ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ እነብሴ የሚዘልቅ መንገደኛ መርጡለ ማርያም ይደርሳል። በዚያ የታወቀውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። በዘመናቸው ከጎጃም ብዙው ግብር የሚገባው ለእርሳቸው ነበር። እኛ የጎጃም ልጆች ግን ስማቸውን ከፈተና ወረቀት በቀር እምብዛም አናነሣውም።

እሌኒ የሐድያው ባላባት ልጅ ነበሩ። በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ክርስትናን ከመቀበልም አልፈው በግእዝ ሁለት የምስጋና መጻሕፍት እስከ መድረስ ደረሱ ይባላል። አፄ በእደ ማርያም እንደ ወላጅ እናታቸው ያከብሯቸው ነበር። ከእርሳቸውም በኋላ በአፄ እስክንድርና በአፄ ናዖድ ዘመን ንጉሥ በንጉሥ ሲተካ እሌኒ ከምክር አልተለዩም። ነገር ግን ዙፋን ለወንድ ነውና ከአማካሪነት የሚያልፍ መዓርግ አልነበረም። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራውን ጨርሳ ለፊርማ ወደ ሌላ ሰው የምትልክ ሴት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1500 ዓ.ም. አፄ ናዖድ ሲሞቱ እሌኒ ከአቡነ ማርቆስ ጋር መክረው ልብነ ድንግልን አነገሡ። ንጉሡ የ12 ዓመት ያህል ልጅ ስለ ነበሩ የመንግሥቱ ሥራ በእሌኒ እጅ ሆነ። እሌኒም ከጎረቤት ጋር በንግድና በሰላም መኖርን ይመርጡ ነበር፤ ሆኖም የቀይ ባሕር ነገር አሳሰባቸው። በ1502 ዓ.ም. ገደማ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። የደብዳቤው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ ሠራዊትና ስንቅ አላት፥ መርከብ ግን የላትም። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ፥ ሐሰተኛ መልእክተኛ ነህ እየተባለ ተንገላትቶ፥ በ1506 ዓ.ም. ሊዝቦን ገባ።

በዚህ መካከል ልጁ ንጉሥ አደጉ። የእሌኒ ሥልጣን የቆመው በንጉሡ ልጅነት ላይ ስለ ነበረ፥ ባሳደጓቸው መጠን የራሳቸው ጊዜ ያጥር ነበር። የአብራካቸው ልጅ የላቸውም፤ ከነጋሢው ዘርም አይደሉም። በ1509 ዓ.ም. ልብነ ድንግል የአዳሉን መሪ ማሕፉዝን ድል ሲያደርጉ የባዕድ ርዳታ አያስፈልግም የሚለው ሐሳብ በረታ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. ምፅዋ ሲወርዱ ማቴዎስ አብሯቸው ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡ ሳይደርስ በደብረ ቢዘን ሞተ። መልእክተኞቹም ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆይተው ተመለሱ። በእኔ አስተያየት ንጉሡን በወጣትነታቸው መውቀስ አይገባም፤ ያሸነፈ ሰው አሮጊት መካሪውን መስማት ይከብደዋል።

እሌኒ በ1514 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። ካህኑ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፥ ሕዝቡ ከእርሳቸው ጋር ትልቁም ትንሹም ሞተ እያለ አለቀሰ። በ1521 ዓ.ም. የንጉሡ ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። በጦርነቱም የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተዘርፎ ተቃጠለ።

በ1533 ዓ.ም. 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ከምፅዋ ወደ ደጋው ሲወጡ፥ ማቴዎስ ከተላከ 31 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ልብነ ድንግል ሞተዋል፤ ልጃቸው ገላውዴዎስ ነግሠው በሩቅ ይዋጋሉ። ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው እንግዶቹን የተቀበሉት የሟቹ ንጉሥ ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ።