ቶማስ ቡር ኦስቦርን፦ የእህልን ፕሮቲን የመረመሩ ሊቅ

ጡት ከተወ ገና ጥቂት ቀናት የሆነው የአሳማ ግልገል ገንዳው በበቆሎ ተሞልቶለትም ሊቀጭጭ ይችላል። የዚህን ምክንያት ለዓለም ካስረዱት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቶማስ ቡር ኦስቦርን ናቸው።

ኦስቦርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 በኮኔክቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ። በ1885 በዬል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቅቀው በማግስቱ ዓመት በግዛቲቱ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ከ40 ዓመታት በላይም ከዚያው አልተነሱም።

ድካማቸው ሁሉ በእህልና በጥራጥሬ ላይ ነበር። ስንዴውን፣ በቆሎውን፣ አተሩንና ባቄላውን እያስፈጩ ፕሮቲኑን በውኃ፣ በጨው ውኃና በአልኮል እየለዩ አወጡ። በዘመኑ አንዱ ፕሮቲን ከሌላው በምግብነቱ እምብዛም አይበላለጥም ተብሎ ይታሰብ ስለነበር መኖም የሚገመተው በናይትሮጅኑ መጠን ነበር። ኦስቦርን ግን ፕሮቲኖች የተገነቡባቸው አሚኖ አሲዶች ከእህል እህል እጅግ እንደሚለያዩ አስተዋሉ።

ይህ ልዩነት ለእንስሳ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ በ1909 ከዬሉ ምሁር ላፋዬት ሜንዴል ጋር ተጣምረው አይጦችን መመገብ ጀመሩ። ሌላው ሁሉ ተሟልቶላቸው ከፕሮቲን ግን ዜይን የተባለውን የበቆሎ ፕሮቲን ብቻ የተመገቡት አይጦች ከሱ። ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው መክሳታቸው ቆመ፤ ዕድገት ግን አልነበረም። ላይሲን ሲታከልበት አደጉ። ውጤቱ በ1914 ታተመ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ለረጅም ጊዜ ቀጭጨው የቆዩ አይጦች የተሟላ መኖ ሲያገኙ እንደገና ማደጋቸው ነው።

የአሳማ አርቢው ችግርም እዚሁ ላይ ነው። ግልገሉ በላይሲን ከበለጸገው የእናቱ ወተት ተለይቶ ወደ እህል ሲሸጋገር የሚጎድለው በቅድሚያ ላይሲን ነው። ጉድለቱን ፕሮቲን በማብዛት ብቻ ለመሙላት መሞከርም ጣጣ አለው፤ ያልተፈጨው ትርፍ በአንጀቱ ውስጥ ተብላልቶ ለተቅማጥ ይዳርገዋል። ስለዚህ ዛሬ መኖ ቀማሚዎች በቆሎውን ከአኩሪ አተር ጋር አመጣጥነው ላይሲን፣ ትሪዮኒን፣ ሜቲዮኒንና ትሪፕቶፋን በጥቂቱ ይጨምሩበታል። የሌሎቹ መጠን የሚሰላውም በላይሲን ልክ ነው።

ኦስቦርን በ1928 ጡረታ ወጡ፤ በጥር 1929 ዓረፉ። ሜንዴልም በ1935 ተከተሏቸው።