ሦስቱ ጉልቻዎች፦ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሕይወት

በደሴና በኮምቦልቻ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ የታሪክ ጨዋታ ከተነሣ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ብዙ እንሰማለን። እዚሁ ጎረቤታችን ወረኢሉ ስለ ተወለዱት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ግን የምናወራው ጥቂት ነው። በዚህ እትም የእርሳቸውን ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን።

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክና ከወሎ ተወላጅ እናት ተወለዱ። ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1875 ዓ.ም.፣ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ጋብቻው የሁለቱ አባቶች ስምምነት ማሰሪያ ነበር። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ወደ አባታቸው ተመለሱ። ኋላም የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ከቤተ መንግሥት ርቀው ፋሌ ተቀምጠው ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን አነገሡ። ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። የተመሠረተው ግን ዛሬ ጥምር መንግሥት የምንለውን ይመስል ነበር። ዘውዱ የዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱና እንደራሴነቱ የራስ ተፈሪ፣ ጦሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሆነ። ዘውዲቱ ለዚህ የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነው፤ ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ። ወሎም ከፈለች። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ሲሸነፉ ብዙ የወሎ ልጆች በዚያው ቀሩ።

ድስት በሦስት ጉልቻ እንደሚቆም፣ ሦስቱ ባይዋደዱም አሥር ዓመት ያህል ተሸካክመው ቆዩ። መስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችውም በዚሁ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሞቱ ግን ሚዛን የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰው አልተተካም። ሥልጣኑ ወደ ተፈሪ አጋደለ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ራስ ጉግሣ አምፀው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ተገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ዘውዲቱም በ53 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የማኅበራችን ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ከፈራሚዎቻችን አንዷ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ቦታዋ ባዶ ነው። የብድር ጥያቄዎች ተከማችተዋል፤ አንዳንዶቻችንም ሁለት ፊርማ ይበቃል ማለት ጀምረናል። ሒሳቡን የምንይዘው እኛ ግን አይበቃም እንላለን። ሁለቱ ቢጣሉ የሚያስታርቅ፣ ቢስማሙም የሚጠይቅ አይኖርም። እህቶቻችን፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሳትቀሩ ተገኝታችሁ ሦስተኛዋን እንምረጥ።