ከተማዋን ሁለቴ የዘጉት ዶክተር

ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ሰፈሩም በጭስ የሚታፈነው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? በ1911 ዓ.ም አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ ማስታወሻ ነው። በሽታው ግን የኛ ብቻ አልነበረም። ያው ኢንፍሉዌንዛ በዚያ ሰሞን ዓለምን እያዳረሰ ነበር። ዛሬ የምናወራላችሁ ያኔ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ከተማን ጤና ይመሩ ስለነበሩ ሐኪም ነው፤ ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስታርክሎፍ በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው የሴንት ሉዊስ ከተማ የጤና ኮሚሽነር ነበሩ። ከተማዋ ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በሴፕቴምበር 1918 በሽታው በሌሎች ከተሞች ሲዛመት እሳቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የከተማዋ ሐኪሞች የሚያገኙትን ታማሚ ሁሉ እንዲያሳውቋቸው ጠየቁ።

በዚሁ ወር ፊላደልፊያ ሌላ መንገድ ያዘች። የከተማዋ የጤና ኃላፊ ከሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ቢደርሳቸውም፣ ለጦርነቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተጠራውን ሰልፍ አልሰረዙትም። ሴፕቴምበር 28 ቀን ወደ 200 ሺህ ሰው ጎዳና ወጣ። ቀናት ሳይቆጠሩ ሆስፒታሎቹ ሞሉ።

ሴንት ሉዊስ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ተገኙ። ስታርክሎፍ ከከንቲባው ከሄንሪ ኪል ጋር ሆነው ኦክቶበር 7 ቀን ውሳኔ አሳለፉ። ትምህርት ቤት፣ ቲያትርና ሲኒማ ቤት፣ ፑል ቤት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀብር ሳይቀር ታገደ። ብዙም ሳይቆይ ቤተክርስቲያኖችም ተዘጉ። አስቡት፣ ያኔ ክትባት የለም፤ አንቲባዮቲክ የለም። የበሽታው መነሻ ቫይረስ መሆኑ እንኳን ገና አልታወቀም። በእጃቸው የነበረው ነገር ሰውን ከሰው ማራቅ ብቻ ነበር።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። የቲያትር ባለቤቶች ኪሳራችንን ማን ይችለዋል ብለው ጮኹ። የካቶሊክ ሊቀ ጳጳሱ ጆን ግሌነንም የቤተክርስቲያን መዘጋትን ተቃወሙ። ስታርክሎፍ ግን አልተመለሱም። እንዲያውም ኖቬምበር 9 ላይ አጥብቀው፣ የግድ አስፈላጊ ያልሆኑ ሱቆችና ድርጅቶች ለጥቂት ቀናት እንዲዘጉ አዘዙ።

ከሁለት ቀን በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ። ሕዝቡ በደስታ ጎዳናውን አጥለቀለቀው። የታማሚው ቁጥርም ቀንሶ ስለነበር በኖቬምበር አጋማሽ ከተማዋ ተከፈተች። ችግሩ በሽታው አላለቀም ነበር። ሳምንታት ሳይሞላ እንደገና አገረሸ፤ በዚህኛው ዙር ብዙ ሕፃናት ታመሙ። ሰው ሰልችቶታል፣ ነጋዴው ተማሯል፣ እሳቸው ግን ትምህርት ቤቶችን እንደገና ዘጉ፤ ስብሰባም ከለከሉ። እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በዲሴምበር መጨረሻ ነው።

ውጤቱስ? በወረርሽኙ ምክንያት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው 358 ያህሉ ሲሞት፣ ፊላደልፊያ ውስጥ 748 ያህል ሞቷል። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ይሄ ማለት ሴንት ሉዊስ አላለቀሰችም ማለት አይደለም፤ እዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሰው ቀብረዋል። ከሞት የተረፈው ሰው ደግሞ መትረፉን አያውቅም። ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ሥራ በጊዜው ብዙ ምስጋና የማያገኘው፤ የተዘጋው ሱቅ ለሁሉም ይታያል፣ ያልተቆፈረው መቃብር ግን አይታይም።

ስታርክሎፍ እስከ 1933 ድረስ በኃላፊነታቸው ቆዩ። በ1942 ሲያርፉ የከተማዋ ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ። እሱም በ1985 ተዘጋ፤ ስማቸውም ከሰው አፍ ጠፋ።

በ2007 ተመራማሪዎች የሁለቱን ከተሞች የሞት ቁጥር በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጡት። የፊላደልፊያው መስመር እንደ ተራራ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የሴንት ሉዊሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ያ ግራፍ በየስልኩ ዞረ። ምናልባት እናንተም አይታችሁት ይሆናል። ከዝቅተኛው መስመር ጀርባ የነበሩት እኚህ ሐኪም ናቸው።