ኢልግና ከባሕር ጠረፍ የተነሣው ሐዲድ

አንድን የባቡር ጣቢያ ለመረዳት ሕንፃውን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ሐዲዱ በማን ገንዘብ ተገዛ፣ በማን ጉልበት ተነጠፈ፣ የበላይነቱስ በማን እጅ ቀረ ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። ይህን ጥያቄ ይዘን የምንመረምረው የጅቡቲን ጣቢያና መስመሩ እንዲወጠን ብዙ የደከመውን የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ፣ የአልፍሬድ ኢልግን ሕይወት ነው።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1871 ዓ.ም. በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ጥሪ አንኮበር ገባ። የመጣበት አገር ቅኝ ግዛት ያልነበረው መሆኑ ለመታመን ሳይረዳው አልቀረም። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አወጣ።

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. የተሰጠው ውል ምድር ባቡር ሠርቶ ለ99 ዓመት እንዲያሠራ ፈቀደለት። ሸሪኩ ፈረንሣዊው ነጋዴ ሌዮን ሼፍኖ ነበር። በወረቀቱ የሰፈረው መስመር ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ምጽዋ በኢጣሊያ፣ ዘይላ በእንግሊዝ፣ ጅቡቲ በፈረንሣይ ቅኝ ገዥዎች እጅ ነበሩ። ሐዲዱም፣ ሎኮሞቲቩም የሚመጣው በመርከብ ስለሆነ መስመሩ ከባዕድ ወደብ መነሣቱ የማይቀር ነበር። ኩባንያውም የተቋቋመው በፓሪስ ነው። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ እንደሚገኝ እናምናለን።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከባሕሩ ዳር ተጀመረ። ከሁሉ የከበደው ምድር ገና መነሻው ላይ ነበር፤ ውሃ የሌለው ጥቁር ዐለት፣ ገደላማ ሸለቆ። የሆል ሆልን ሸለቆ ለመሻገር ረጅም የብረት ድልድይ መዘርጋት አስፈለገ። ዐለቱን የፈለጡት፣ አፈሩን የተሸከሙት ከዐረብ አገርና ከሶማሌ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሐዲዱ በግጦሽ ምድራቸው ያለፈባቸው የኢሳ አርብቶ አደሮች መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። እነዚህን እንደ ሽፍታ ብቻ የሚቆጥር ታሪክ ከኩባንያው ወገን ሆኖ የተጻፈ ታሪክ ነው።

ገንዘቡ ከመንገዱ ቀድሞ አለቀ። የእንግሊዝ ካፒታል በአክሲዮን መግባት ጀመረ፤ ይህ ያሠጋው የፈረንሣይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊከፍል ተዋውሎ በኩባንያው ላይ የበላይነት ያዘ። ውሉ የተፈጸመው ያለ ምኒልክ ፈቃድ ነው። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ በምረቃው ላይ አልተገኙም፤ መስመሩም ከዚያ ሳያልፍ ዓመታት ቆመ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪው ከባድ ስለነበረ ሐዲዱ ጥንታዊቷን ከተማ ትቶ ከግርጌዋ አዲስ ከተማ ፈጠረ፤ የባቡር ጥገና ሠራተኞች ከተማ።

በዚህ ሁሉ መካከል ኢልግ የት ነበር? ከአድዋ ድል በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾሟል፤ የፈቃዱም ባለቤት እርሱ ራሱ ነበር። ቅጥረኛ ነው የሚሉትን አንቀበልም፤ ዕድሜውን የሰጠባት አገር እንድትለማ መመኘቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ የአገር ምክር፣ በሌላው የኩባንያ ጥቅም ሲይዝ የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው ቅን ልቡ ሳይሆን ገንዘቡ ያለበት ቦታ ነው። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የከፋፈሉበትን ስምምነት ሲፈራረሙ ምድር ባቡሩም አንዱ የድርድራቸው ዕቃ ሆነ። ኩባንያው ከሰረ፤ ኢልግም ሥራውን ለቀቀ።

በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሲሞት መስመሩ በሌላ የፈረንሣይ ኩባንያ እጅ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለገሀር ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ናቸው፤ መንገደኛውንም የሚያወርደው በአሮጌው ጣቢያ ሳይሆን ከከተማዋ ወጣ ባለው በነጋድ ነው።